ቤንዚን የለመደ አፍ

ሞተሩ የላፍቶን ዳገት ሳያጋምስ፣ በረዶ እንደወረደበት ቆርቆሮ ይንጣጣ ጀመር።

ወጋየሁ ማርሽ ቀነሰ። መኪናው አልታዘዘውም። አንዴ ተንገጫገጨ፣ ከኋላው ነጭ ጭስ ለቀቀ፣ ትን እንዳለው ሰው ሁለት ሦስቴ ተርገፈገፈና ዝም አለ። ወጋየሁ በቀረችው ግፊት ወደ ጥግ አስጠግቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

“ምን ሆነ?” አለች ሲስተር ተናኘ፣ ጭኗ ላይ የነበረውን መዝገብ ወደ ደረቷ አስጠግታ።

“ምንም አልሆነ። አሁን ይነሣል።”

ቁልፉን አዞረ። አልተነሣም። ደገመ። ሞተሩ ወጋየሁ ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ዓይነት ባዶ ድምፅ አሰማ። ሦስተኛ ሊሞክር እጁን ሲሰነዝር አንድ ነገር ያዘው። ሃያ ሰባት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ሌላ ባይነግረው ጆሮው ይነግረዋል። ቁልፉን ነቅሎ ወረደ፤ በመኪናው ጎን ዞሮ የነዳጁን ክዳን ፈታና አጎነበሰ።

ሽታው በጥፊ እንደተመታ ሰው ቀና አደረገው። የናፍጣ ሽታ ከባድ ነው፤ እንደ ቅባት ልብስ ላይ ይተኛል። ይኼ ግን ቀላል፣ ስለታም፣ አፍንጫ ሰርስሮ ዓይን የሚያስለቅስ ነበር።

ቤንዚን።

ክው አለ። ክዳኑ ከእጁ አምልጦ በጠጠሩ ላይ ተንከባለለና ቦይ ውስጥ ገባ፤ ሊያነሣው እንኳ አላሰበም።

“ጋሽ ወጋየሁ፣ ምንድን ነው? ያናግሩኝ እንጂ!” ተናኘ ወርዳ አጠገቡ ቆማለች።

“ቤንዚን ነው።” ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። “የናፍጣ መኪና ውስጥ ቤንዚን ቀድታበታለች። ያቺ ልጅ፣ ያቺ ቀጂ፣ ጉድ ሠራችን ሲስተር!”

“ወይኔ! እናቶቹስ?”

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 1990። ከመኪናው ኋላ ሁለት ሰማያዊ የበረዶ ሣጥኖች ተጭነዋል፤ ውስጣቸው የፖሊዮ ክትባት ጠብታ አለ። ፉሪ ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች በቀበሌው ግቢ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ተናኘ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ዞራ፣ “መርፌ የለውም፤ ሁለት ጠብታ ብቻ ነው” እያለች ለምናቸዋለች። ብዙዎቹ ልባቸው ገና አላመነም። ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ቀን ነው።

“በረዶው እስከ ማታ ይቆያል” አለች ሰዓቷን እያየች። “የማይቆዩት እናቶቹ ናቸው። እስከ አምስት ሰዓት ካልደረስኩ አንዷም አትጠብቀኝም። ደግሜ ብጠራቸውም አይመጡም።”

ወጋየሁ ግን አይሰማትም ነበር። ዓይኑ ከተከፈተው የነዳጅ አፍ ላይ አልነቀል ብሏል።

ወጋየሁ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ያፈራው ሀብት የለም፤ ያፈራው ስም ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት አረንጓዴ ላንድሮቨር ጅማን፣ ጎሬን፣ ነገሌን ዞሯል። ሰው አልገጨም፤ መኪና አልገለበጠም፤ መንገድ ላይ ወድቆ “ድረሱልኝ” ብሎ አያውቅም። ወጣቶቹ ሹፌሮች “መምህር” ነው የሚሉት። ላንድሮቨሯ እርጅና ተጫጭኗት ከሥራ ስትወጣ፣ ሁለት ወር አይሞላውም፣ ይህን ነጭ ላንድክሩዘር ተረከበ። ቁልፉን የሰጠው የመጋዘን ሠራተኛ፣ “ጋሽ ወጋየሁ፣ ይኼ ናፍጣ ነው የሚጠጣው፤ እንዳይረሱ” ብሎት ነበር። “ለእኔ ነው የምትነግረኝ?” ብሎ ቁልፉን ከእጁ መንጭቆ ነበር የወሰደው።

ደግሞም ባለፈው ዓመት፣ ማኑሄ የሚባል ወጣት ሹፌር በናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን አስቀድቶ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ፣ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ወጋየሁ ነበር። “የሚነዳውን መኪና ሆድ የማያውቅ ሰው መሪ መጨበጥ የለበትም” ብሎ ተናገረ። ልጁን ከመኪና አውርደው በር ላይ ዘብ አደረጉት። ማኑሄ አምስት ወር እዚያ ተቀምጦ አንድ ቀን ሳይሰናበት ቀረ።

ስለዚህ ስህተቱ የእኔ ይሆን የሚል ሐሳብ በወጋየሁ ጭንቅላት ውስጥ አልዞረም። የሚዞርበትም ቦታ አልነበረውም።

“እዚሁ ሁኚ ሲስተር። ቁልፉን ማንም እንዳይነካው” አለና ወደ ማደያው ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ማደያው መኪናው ከቆመበት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። ሲደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ቀጂዋ ቡዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል የሚሆናት ቀጭን ልጅ፣ ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች።

“አንቺ! ምንድን ነው የቀዳሽልኝ?”

“ቤንዚን ነዋ፣ ጋሼ።”

“ቤንዚን ነዋ! ሳታፍሪ! መኪናው ናፍጣ ነው! ገደልሽው እኮ!”

የልጅቷ አፍ ተከፍቶ ቀረ። “እንዴ... እርስዎ እኮ ነዎት ቤንዚን ሙዪው ያሉኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎት። ‘ቤንዚን ነው ጋሼ?’ አልኩ። ‘አዎ አልኩሽ፤ ስንቴ ልንገርሽ’ አሉኝ።”

“እኔ?”

“አዎ እርስዎ። በመስኮት።”

የወጋየሁ ደም ወደ ራሱ ወጣ። የጠዋቱን ያስታውሳል። ተናኘ እስክሪብቶ ልትገዛ ወደ ማዶ ሱቅ ተሻግራ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጀርባውን ለቀጂዋ ሰጥቶ፣ በወዲያኛው መስኮት “ሲስተር ፍጠኚ፣ ረፈደ!” ይላል። ለልጅቷ ምን እንዳላት ግን አያስታውስም። ማስታወስም አያስፈልገውም፤ ናፍጣ ነው ያላት። ሌላ ምን ሊላት!

ጩኸቱን ሰምቶ የማደያው ኃላፊ አቶ ነገሪ ከቢሮው ወጣ። ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮችም ከየመኪናቸው ወርደው ከበቧቸው።

“ምንድን ነው ነገሩ?” አለ ነገሪ።

“የእርስዎ ሠራተኛ የመንግሥት መኪና ገደለች! ክትባት ጭኜ፣ ሕፃናት እየጠበቁኝ፣ መሀል መንገድ ላይ አስቀረችኝ! ይኼ አልበቃ ብሏት ‘አንተ ነህ ያልከኝ’ ትለኛለች!”

“ብለዋል፣ አቶ ነገሪ” አለች ቡዜ። ዓይኗን አልሰበረችም። “ያላሉትን ነገር አልቀዳም።”

“ሃያ ሰባት ዓመት ነድቻለሁ!” ወጋየሁ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። “ቤንዚን የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ ከሆነ ሚካኤል ይቅሰፈኝ!”

ከሹፌሮቹ አንዱ፣ “እኒህ ሽማግሌ ምን ብለው በሐሰት ይምላሉ?” ሲል ሌላው “እውነት ነው” አለ። ነገሪ አንዴ የወጋየሁን ሽበት፣ አንዴ የልጅቷን ፊት አየ። ቡዜ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው።

“ቱታውን አውልቂ” አላት።

“አቶ ነገሪ፣ በእግዚአብሔር ስም—”

“ማሉልሽ እኮ! ይህን የሚያክል ሰው በሚካኤል ማለልሽ! ከዚህ በኋላ እኔ ምን ልበል?”

ነገሪ ወጋየሁን ወደ ቢሮው አስገብቶ ስልክ አስደወለው። የመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ኃላፊ አቶ እንግዳ፣ በዘመቻው ምክንያት ቅዳሜም ቢሮ ነበር። “አይዞህ” አለው፣ “ዋናው ነገር አንተ አለመሆንህ ነው። ከማደያው ወረቀት ተቀበል። ማኅተም ይኑረው።” ነገሪ ሦስት መስመር ጻፈ፤ ‘በሠራተኛችን በቡዜ ስህተት’ የሚል ቃል አስገባበት፤ ማኅተሙን በእስትንፋሱ አሙቆ መታው። ወጋየሁ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ሲወጣ ቡዜ የቱታዋን ቁልፎች ትፈታ ነበር። ብታለቅስ ይሻለው ነበር። አላለቀሰችም። በጠራራ ፀሐይ “አሁን ሌሊት ነው” ያላትን ሰው የምታይ ይመስል ትክ ብላ ታየዋለች።

ዳገቱን ተመልሶ ሲወጣ ተናኘን ጋሪ ላይ አገኛት። መንገደኛ ጋሪ አስቁማ፣ ሁለቱን ሣጥኖች አስጭና፣ ነጭ ጋውኗን ሰብስባ መሀላቸው ተቀምጣለች። ባለጋሪው ሮበሌ የሚባል የፉሪ ሰው፣ የፈረሱን ልጓም ይዞ ላንድክሩዘሩን በትዝብት ይመለከታል።

“በዚህ ልትሄጂ ነው?” አለ ወጋየሁ።

“ታዲያ በምን ልሂድ?”

“የኔ ፈረስ ገብስ እንጂ ቤንዚን አይበላም፤ አያስቸግርም” አለ ሮበሌ። ተናኘ ሳቋን ዋጠችው።

“ልጅቷ ምን አለች?” ስትል ጠየቀችው።

“ምን ትላለች? ካደች። ‘አንተ ነህ ያልከኝ’ አለች። ኃላፊው አባረራት።”

ተናኘ ፊቱን አየችው። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። “ብለዋት ይሆን እንዴ፣ ጋሽ ወጋየሁ?”

“ሲስተር!”

“እሺ፣ እሺ። ተውኩት።”

ጋሪው እየተንቋቋ ሄደ። ወጋየሁ ጥያቄው ከጋሪው ጋር አብሮት እንዲሄድ ፈልጎ ነበር፤ ጥያቄው ግን እዚያው እሱ ጋ ቀረ።

ወጋየሁ ሰው ልኮ ያስጠራው የላፍቶ መካኒክ ሙሄ የዕቃ ከረጢቱን ተሸክሞ ሲመጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ገባ፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ከታች ፈትቶ ቤንዚኑን በጀሪካን በጀሪካን አወጣው። ከኮፈኑ ሥር የናፍጣ ማጣሪያውን ለወጠ። ሲሠራ ወሬ ይወዳል።

“ስንቴ አስነሡት፣ ጋሼ?”

“ሁለቴ።”

“ጥሩ ነው። ናፍጣ ለነዳጅ ፖምፓው ዘይቱም ነው፤ ቤንዚን ሲገባበት ብረት በብረት ይፋጫል። ሦስተኛ፣ አራተኛ አስነሥተውት ቢሆን አለቀለት ነበር። ሰው እኮ የሚያጠፋው ከስህተቱ በኋላ ነው፤ ‘እስቲ ልሞክረው’ እያለ።” ራሱን ከመኪናው ሥር አወጣ። “አሁን ንጹሕ ናፍጣ ያምጡልኝ። ሃያ ሊትር ይበቃኛል። አየሩን አስወጥቼ አስነሣልዎታለሁ።”

በዚህ መሀል ሮበሌ ከፉሪ ባዶውን ሲመለስ አገኙት። “አደረስኳት” አለ ከሩቁ። “ሕዝቡ አልተበተነም። አንዲት ሴትዮ ግን ‘ክትባቱ በፈረስ ነው እንዴ የሚመጣው?’ ብላ አሳቀችን።” ወጋየሁ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ ወደ ታች ወረደ። ከሙሄ አንድ ንጹሕ ባዶ ጀሪካን ተቀብሎ ጋሪው ላይ ተፈናጠጠና ወደ ማደያው ወረደ።

በቡዜ ቦታ አንድ ጎልማሳ ሰው ቆሟል። ቡዜ ግን አልሄደችም። የራሷን ቢጫ ሹራብ ለብሳ ከቢሮው ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። ሥራ ስትገባ አጎቷ የፈረመላትን የዋስ ወረቀት ነገሪ ፈልጎ እስኪመልስላት ነው የምትጠብቀው። ወጋየሁ እንዳላያት ሆኖ ጀሪካኑን ለሰውየው አቀበለ፤ “ሃያ ሊትር” ብሎ የሚፈልገውን ተናገረና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

“ጋሼ” አለች ቡዜ ከኋላው።

ወጋየሁ ዞረ። ስድብ ነበር የጠበቀው።

“ክትባቱ ደረሰ?”

“ደ... ደረሰ። በጋሪ።”

“እሰይ” አለችና ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

ወጋየሁ ጀሪካኑን አንሥቶ በጥድፊያ መንገድ ተሻገረና ወደ ላፍቶ የሚወጣ ውይይት ታክሲ ውስጥ ገባ። ጀሪካኑን በእግሮቹ መካከል አደረገ። ያቺ “እሰይ” ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራበታለች። ዋሾ ለሰው ልጅ ክትባት እንዲህ አይጨነቅም ብሎ አሰበና፣ ሐሳቡን መልሶ ገፋው።

ታክሲው መቶ ሜትር ያህል እንደሄደ ፊት ለፊቱ የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

“ያንን ነገር ቢከድኑት፣ ወንድሜ። ቤንዚኑ አቅለሸለሸኝ።”

“ቤንዚን አይደለም እናቴ፤ ናፍጣ ነው።”

“ኧረ ቤንዚን ነው!”

“ናፍጣ ነው አልኩዎት።”

“ባሌ ሃያ ዓመት ጋራዥ የሠራ ሰው ነው፤ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ” አሉ ወይዘሮዋ። “የቤንዚንና የናፍጣ ሽታ ተምታታብኝ?”

ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው አጎንብሶ አሸተተና፣ “ቤንዚን ነው ጋሼ” አለ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስታምም ሰው።

ወጋየሁ የጀሪካኑን ክዳን ከፈተ።

ያው ሽታ ነው። ያው ቀላል፣ ስለታም፣ ዓይን የሚያስለቅስ።

ለአፍታ ምንም አልሰማም። የሰዎቹ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። መጀመሪያ የመጣለት ንዴት ነበር። ደግመው! ማደያው ጭራሽ አብዷል! ቧንቧቸው ተደበላልቋል! ይኼኛውም ቀጂ... ሐሳቡን ሳይጨርስ በመሀል ቆመ። ለሰውየው ምን ነበር ያልኩት? ሃያ ሊትር... ሃያ ሊትር... ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃሉን ደገመው፤ ያን ጊዜ አፉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የቀረውን ራሱ ሞላበት።

“ሃያ ሊትር ቤንዚን።”

ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የተናገረው። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አንሥተው አዩት።

“ወራጅ አለ!” ብሎ ጮኸ።

ታክሲው የጤፍ ማሳ ጥግ ላይ አወረደው። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠና አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አሁን ሁሉም አንድ በአንድ መጣለት፤ በር እንደተከፈተለት ከብት እየተጋፋ መጣ። የወዲያኛው መስኮት፤ ተናኘ ማዶ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ ስትከራከር፤ ከኋላው የሴት ድምፅ፣ “ምን ልቅዳ ጋሼ?” እሱ ዞር ሳይል፣ “ቤንዚን ሙዪው።” “ቤንዚን ነው፣ ጋሼ?” እሱም እጁን እያወናጨፈ፣ “አዎ አልኩሽ! ስንቴ ልንገርሽ!” አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ለዚያች ቤንዚን ጠጪ ላንድሮቨር፣ በየሳምንቱ፣ በየከተማው ያለው ቃል። ቃሉ በአፉ ሲወጣ ጆሮው እንኳ አልሰማውም ነበር።

ታዲያ በሚካኤል ምዬ... አለ በልቡ። ቅስፈቱን አይደለም የፈራው። ሲምል፣ ሲምል እንኳ፣ እውነት መስሎት ነበር። በገዛ አፉ ያለውን ነገር አላልኩም ብሎ በሙሉ ልቡ ማመኑ ነበር ያስደነገጠው። እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት ከተናገራቸው ነገሮች ውስጥ ስንቱ እንዲህ ይሆን? ማኑሄም ኮሚቴው ፊት፣ “እንዴት እንዳልኩ እኔም አላውቅም” ብሎ ነበር። ወጋየሁ ያን ጊዜ ሳቀ። ጮክ ብሎ ነበር የሳቀው።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ቀዝቃዛና ብልጥ ሐሳብ። ማን አወቀ? ጎልማሳው ቀጂ ይኼ ጀሪካን ለየትኛው መኪና እንደሆነ አያውቅም። ወይዘሮዋ ከነባላቸው የት እንደሚኖሩ እንኳ አይታወቅም። ተናኘ ፉሪ ናት፤ ሙሄ ከመኪናው ሥር ነው። ቤንዚኑን ቦይ ውስጥ ደፍቶ፣ ሌላ ማደያ ሄዶ ናፍጣ ቀድቶ መመለስ ነው። ማኅተም ያለው ወረቀት ኪሱ ውስጥ አለ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ወጋየሁ ስሙን እንደያዘ ይወጣል፤ ልጅቷም ወጣት ናት፤ ሌላ ሥራ አታጣም።

ተነሥቶ ጀሪካኑን ወደ ቦዩ ወሰደ። አፉን ወደ ታች አዘነበለ። ጥቂት ፈሰሰ፤ ሽታው እንደገና ፊቱ ላይ መጣ። “ክትባቱ ደረሰ?” ብላ ነበር የጠየቀችው፤ ከስድቡ ሁሉ፣ ከመሐላው ሁሉ በኋላ።

ጀሪካኑን ቀና አደረገው፤ ከደነውና በእግሩ ወደ ማደያው ወረደ።

ነገሪ የዋሱን ወረቀት አግኝቶ ለቡዜ እያስፈረማት ነበር። ወጋየሁን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

“ደግሞ ምን ሆነ?”

“እኔ ነኝ” አለ ወጋየሁ። ይዞት የመጣውን ንግግር ሁሉ ረስቶታል። “ቤንዚን ያልኩት እኔ ነኝ።”

“ምን?”

“አሁንም ብያለሁ። ይኸው፤ ያሽትቱት። ለዚያኛው ሰውዬ ደግሜ ቤንዚን አልኩት። አፌ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፌ ነው።”

ነገሪ ጀሪካኑን አላሸተተም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። “ምለዋል እኮ” አለ በመጨረሻ። “በሰው ፊት። በሚካኤል።”

“ምያለሁ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያ በሐሰት ነው የማልኩት። ሳላውቀው ነው፤ ግን በሐሰት ነው።”

ቡዜ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆማለች። ጠዋት ፊቷ ላይ የነበረው ድንጋጤ አሁን ወደ ወጋየሁ ፊት የተሻገረ ይመስላል።

“ሁለት ጊዜ ጠይቄዎት ነበር” አለች።

“አዎ” አለ ወጋየሁ። “ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ሁለቴም ቤንዚን ነው ብዬሻለሁ።”

ቡዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አሁን ነው ገና ያለቀሰችው፤ በፍጥነት በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው። ነገሪ ኮት መስቀያው ላይ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ቱታ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አደረገላት። “በይ ልበሺ” አላት፤ ይቅርታ መጠየቅ ስላልለመደ፣ ኮስተር ብሎ። “መኪና ተሰልፏል።”

ቡዜ ቱታውን አላነሣችውም።

“ያ ወረቀትስ?” አለች ወደ ወጋየሁ ደረት ኪስ እያየች። “ስሜ አለበት። ለመሥሪያ ቤትዎም በስልክ ነግረዋቸዋል፤ ውጪ ቆሜ ሰምቻለሁ። እሱ ሳይስተካከል አልለብስም።”

ወጋየሁ ወረቀቱን አውጥቶ ለነገሪ መለሰ። ነገሪም ለሁለት ቀደደው። ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ማንም አልገፋውም፣ ማንም አላቀረበውም። ወጋየሁ ራሱ ሳበውና ቁጥሩን አዞረ። ጣቱ ቤንዚን ይሸት ነበር።

“አቶ እንግዳ፣ ወጋየሁ ነኝ።”

“እህ፣ ተነሣልህ?”

“ሊነሣ ነው። ሌላ ነገር ነው። ጠዋት የነገርኩዎት ልክ አይደለም። ልጅቷ አልተሳሳተችም። ቤንዚን ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።”

ከዚያ የአቶ እንግዳ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ነገሪም ቡዜም እንዲሰሙት ግን በቂ ነበር።

“ምን ነካህ? ወረቀቱን አልሰጡህም?”

“ሰጥተውኝ ነበር። መለስኩት።”

“ስማኝ ወጋየሁ። ይኼ ነገር ኮሚቴ ነው የሚቀርበው። ታውቀዋለህ። ከመኪና ነው የሚያወርዱህ፤ ያውም በዚህ ዕድሜህ። ደንግጠሃል መሰለኝ። አሁን ስልኩን ዝጋና መኪናህን ይዘህ ና። እኔም አልሰማሁም። ሰኞ ረጋ ብለን እናወራበታለን።”

ወጋየሁ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ። ሰኞ። ሁለት ሌሊት አለ እስከ ሰኞ። ጠዋት በሙሉ ልቡ ሲምል የነበረውን ሰው ያውቀዋል፤ ያ ሰው በሁለት ሌሊት ምን ምን ሊያምን እንደሚችል አሁን ገብቶታል።

“አይ፣ አቶ እንግዳ” አለ፤ የነገሪን ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። “እስከ ሰኞ ሌላ ነገር እል ይሆናል። ብዕር ይያዙና አሁን ይጻፉት። እጠብቃለሁ።”